ከምድጃው የራቁት

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ሃሊፋክስ የሚባለውን ባለአራት ሞተር ቦምብ ጣይ ከ6 ሺህ በላይ ሠርተው አውጥተዋል። ዛሬ ያን አውሮፕላን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው የሚሄድባቸው ቦታዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው ለንደን፣ ሄንደን ያለው የአየር ኃይል ሙዚየም ነው። እዚያ የተቀመጠው ሃሊፋክስ በ1942 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቲርፒትዝ የተባለውን የጀርመን የጦር መርከብ ሊመታ ኖርዌይ ድረስ ሄዶ ራሱ የተመታ፣ በረዶ በጋገረው ሐይቅ ላይ በሆዱ ያረፈ፣ በረዶው ሲሳሳም የሰጠመና በ1973 ከውኃ ተጎትቶ የወጣ ስብርባሪ ነው። ሁለተኛው ካናዳ፣ ትሬንተን ይገኛል፤ እሱም ጦርነቱ ሊያበቃ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው እዚያው ኖርዌይ ሌላ ሐይቅ ውስጥ የወደቀና በ1995 የወጣ ነው። ሦስተኛው ዮርክሻየር ውስጥ ከልዩ ልዩ አካላት ተገጣጥሞ የቆመ ሲሆን፣ የገላው ዋና ክፍል የተገኘው ስኮትላንድ፣ ሌዊስ ደሴት ላይ፣ ከአንድ ገበሬ ግቢ ነው። ዶሮ ቤት ሆኖ ኖሯል።

እንግዲህ ሠላሳና አርባ ጊዜ ጀርመን ደርሰው፣ በጥይት ተበሳስተው፣ ግን በደኅና ወደ ጣቢያቸው ተመልሰው የቆሙት ሃሊፋክሶች የት ገቡ? ቀለጡ። የተረፉት ጠላት የጣላቸው፣ ውኃ የዋጣቸውና ዶሮ የሰፈረባቸው ናቸው። ይህ የአጋጣሚ ቀልድ ይመስላል፤ የሌሎቹን ቦምብ ጣዮች ታሪክ አስከትሎ ለሚመለከት ግን ቀልድ አይደለም፣ ሥርዓት አለው። ከጦርነቱ በኋላ የአንድ ቦምብ ጣይ ዕጣ የተወሰነው በጀግንነቱ፣ በአሠራሩ ጥራት ወይም ባለቤቱ መንግሥት ለታሪክ ባለው አክብሮት አልነበረም። የተወሰነው ከብረት ማቅለጫው ምድጃ በነበረው ርቀት ነው። ርቀት ስል በኪሎ ሜትር የሚለካውን ብቻ ማለቴ አይደለም። ሌላ የሚገዛበት ገንዘብ የሌለው አገር አውሮፕላኑን ከምድጃው ያርቀዋል፤ የሕግ ክልከላም፣ የሐይቅ ጥልቀትም፣ የጠረፍ ድንበርም እንዲሁ።

ምድጃው ከሁሉ የቀረበው አሜሪካ ውስጥ ነበር። ያ አገር በጦርነቱ ጊዜ ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ አውሮፕላን ሠርቷል። ከእነዚህ ውስጥ ቢ-24 ሊበሬተር የተባለው ቦምብ ጣይ ብቻውን ከ18 ሺህ በላይ፣ ቢ-17 ደግሞ 12,731 ነበሩ። ጃፓን እጇን በሰጠች በወራት ውስጥ እነዚህ አውሮፕላኖች በረው፣ በአሪዞናው ኪንግማን፣ በአርካንሶው ዎልነት ሪጅ፣ በኦክላሆማው አልተስ ሜዳዎች ላይ ክንፍ ለክንፍ ተጠጋግተው ተደረደሩ። አንዳንዶቹ በቀጥታ ከፋብሪካ የመጡ፣ አንድም የጦር በረራ ያላደረጉ ነበሩ። መንግሥት መጀመሪያ በችርቻሮ ሊሸጣቸው ሞከረ፤ ከ200 ሺህ ዶላር በላይ የወጣበት ቢ-17 በ13,750 ዶላር ቀረበ። ገዢ ግን አልጎረፈም። በ1946 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያኑ፣ ኪንግማን ላይ የቆሙ 5,437 አውሮፕላኖች ለአንድ የሥራ ተቋራጭ በጅምላ 2.78 ሚሊዮን ዶላር ተሸጡ። ሲካፈል ለአንዱ 500 ዶላር ከትንሽ በላይ ይደርሰዋል። በዚያው ዓመት የፊልም አብራሪው ፖል ማንትዝ ኦክላሆማ ውስጥ 475 አውሮፕላኖችን በ55 ሺህ ዶላር ገዛ፤ ታንካቸው ውስጥ የተረፈውን ቤንዚን ሸጦ ብቻ ወጪውን እንደመለሰ ይነገርለታል።

የማቅለጡ ሥራ ራሱ ቀላል ነበር። ሞተሩና ሊሸጥ የሚችለው ዕቃ ይፈታል። ከዚያ በክሬን የተንጠለጠለ ከባድ የብረት ስለት ከላይ እየወረደ ክንፉንና ገላውን እንደ ጎመን ይከትፈዋል፤ ክትፎው ወደ ምድጃው ይገባል። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ወደ ታች ይፈሳል፤ ብረቱ ከላይ ይቀራል። የፈሰሰው በጡብ መልክ ረግቶ በባቡር ይጫናል። ቁራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ የሚሰበስበውን አሮጌ ድስትና ብረት ምጣድ ምናለሽ ተራ ላይ ሲቀጠቀጥና ሌላ ዕቃ ሲሆን ላየ አዲስ አበቤ፣ ኪንግማን ላይ የተደረገው ነገር በመጠኑ እንጂ በባሕርዩ እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ ምናለሽ ተራ የሚደርሰው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ አገልግሎ አገልግሎ ያለቀለት መሆኑ ነው። እዚያ የቀለጠው ገና ቀለሙ ያልለቀቀ ነበር።

ይህን የሚያነብ ሰው አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ ግልጽ ነው፤ ይህ ሁሉ ንብረት ለሰላማዊ ሥራ ሊውል ሲችል ማቅለጥ ጥጋብ አይደለም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ቦምብ ጣይ ምን ዓይነት ዕቃ እንደሆነ ይዘነጋል። ቢ-17 አሥር ሰው ይዞ የሚበር፣ ግን ካልተለወጠ በቀር ለአሥር መንገደኛ ወንበር የማይመች አውሮፕላን ነው። ገላው ጠባብ ነው፤ መሐሉን የሚይዘው የቦምብ ማኖሪያ ሲሆን ከፊት ወደ ኋላ የሚያሻግረው እንደ ድልድይ የቀጠነ መረማመጃ ብቻ ነው። ዕቃ የሚገባበት ሰፊ በር የለውም። አራት ሞተር ይመግባል። እንግሊዞች ላንካስተር የተባለውን ቦምብ ጣይ ላንካስትሪያን ብለው መንገደኛ ማጓጓዣ ለማድረግ ሞክረዋል፤ ከእንግሊዝ አውስትራሊያ በሚያደርገው ረጅም ጉዞ የሚጭነው ግን ዘጠኝ ሰው ብቻ ነበር። በዚህ ቁጥር መንገደኛ ሊያተርፍ የሚችል ድርጅት አልነበረም።

ለዚህ ከሁሉ የሚቀርበን ማስረጃ የራሳችን አየር መንገድ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 መጨረሻ ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. አየር መንገድ ጋር ተስማምቶ ሲቋቋም፣ በዓለም ገበያ ላይ ርካሽ ቦምብ ጣይ ሞልቶ ነበር። የመጣው ግን ከዚያው ከጦሩ ትርፍ ንብረት የተገኘ ሲ-47 ነው፤ ሁለት ሞተር ያለው፣ ወታደርና ጭነት ሊያመላልስ የተሠራ፣ ጎኑ ላይ ሰፊ በር ያለው። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የተደረገው የመጀመሪያው በረራ በዚሁ ዓይነት አውሮፕላን ነበር። ከአንድ ጦርነት፣ ከአንድ ሜዳ፣ በአንድ ጊዜ ለሽያጭ የቀረቡ ሁለት ዓይነት አውሮፕላኖች ነበሩ ማለት ነው። አንዱን የዓለም አየር መንገዶች ተሻሙበት፣ ሌላውን ምድጃ በላው። ስለዚህ ማቅለጡን ጥጋብ ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ለሀብታም ገዢ ስሌቱ ትክክል ነበር።

ነገር ግን ስሌቱ ለሁሉም አንድ አልነበረም፤ የክርክሬ ልብ ያለውም እዚህ ላይ ነው። ሕንድን እንይ። እንግሊዞች በጦርነቱ ፍጻሜ ካንፑር በሚባል ቦታ ብዙ ሊበሬተሮች ትተው ነበር። አውሮፕላኖቹ ከአሜሪካ በውሰት ውል የተገኙ ስለነበሩ ወይ መመለስ ወይ መጥፋት ነበረባቸው፤ ለሌላ ማስተላለፍ አይፈቀድም። የእንግሊዝ አየር ኃይል ሰዎች ማጥፋቱን መረጡ። ሞተሩ ውስጥ አሸዋ ጨመሩ፣ ገላውን በዶማ በሱት፣ በተሽከርካሪ ገጩት። ነገር ግን ማቅለጫ አልነበረም፤ ስብርባሪው እዚያው ቀረ። ሕንድ ነጻ ወጥታ ከፓኪስታን ጋር ስትጣላ ረጅም ርቀት የሚሄድ ቦምብ ጣይ አስፈለጋት፣ ገበያ ወጥታ የምትገዛበት ገንዘብ ግን አልነበራትም። የሂንዱስታን አውሮፕላን ፋብሪካ ባለሙያዎች ካንፑር ሄደው ከአንዱ ክንፍ፣ ከሌላው ጅራት እያነሡ መብረር የሚችል አካል ገጣጠሙ። የፋብሪካው የሙከራ አብራሪ ጃምሺድ ሙንሺ እነዚያን የተጠጋገኑ አውሮፕላኖች አንድ በአንድ እያስነሣ ባንጋሎር አደረሳቸው፤ እዚያ በደንብ ታደሱ። የመጀመሪያዎቹ በ1948 ለጦሩ ተሰጡ። የመጨረሻዎቹ ከአገልግሎት የወጡት በ1968 ማብቂያ ነው። አሜሪካ የራሷን ሊበሬተር ጠራርጋ ካቀለጠች ሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ማለት ነው።

ስዊድን ደግሞ ሌላ መልክ አላት። ገለልተኛ አገር ስለነበረች ጀርመን ላይ ተመትተው ወደ እንግሊዝ መመለስ ያቃታቸው አሜሪካውያን አብራሪዎች እዚያ ያርፉ ነበር፤ ሰዎቹም አውሮፕላኖቹም ይያዛሉ። ስዊድን ከተያዙት ቢ-17ዎች የተወሰኑትን ለስም ያህል በተቆረጠ ዋጋ ወስዳ፣ የሳብ ፋብሪካ 14 መንገደኛ እንዲይዙ አድርጎ ለወጣቸው። ሹ ሹ ሹ ቤቢ የሚል ስም የነበረው አንዱ ቢ-17 በግንቦት 1944 ማልሞ ላይ ወርዶ የቀረ ነው። ከዚያ ዴንማርክ ሄዶ መንገደኛ አመላለሰ፤ ለጥቆ የዴንማርክ ጦር ወስዶ ግሪንላንድን ፎቶ አነሣበት፤ በ1955 የፈረንሣይ የካርታ ሥራ ተቋም ገዛው። ያ ተቋም ቢ-17ን ካርታ ለማንሣት የሚስተካከለው አላገኘም፤ ከፍ ብሎ፣ ተረጋግቶ፣ ረጅም ሰዓት ይበራልና፣ ለቦምብ አነጣጣሪ የተሠራው የመስታወት አፍንጫም ለመሬት ተመልካች ይመቻል። እስከ 1989 ድረስ ያንኑ ዓይነት አውሮፕላን ሲያበሩ ኖሩ። ሹ ሹ ሹ ቤቢ በ1961 ሥራ አቁሞ ክሬይ የሚባል ሜዳ ዳር ተጥሎ ሳለ ማንነቱ ታወቀ፤ በ1972 ለአሜሪካ ተመለሰ፤ አሥር ዓመት ታድሶም በ1988 ዴይተን ሙዚየም ገባ። በደኅና ወደ እንግሊዝ ተመልሶ ቢሆን ኖሮ ጦርነቱ ሲያበቃ አሪዞና ይወሰድ፣ እዚያም ይቀልጥ ነበር። ያዳነው ያን ዕለት የደረሰበት ጉዳት ነው።

የእኛም አገር በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አላት፤ ትንሽ ብትሆንም ለክርክሩ ትጠቅማለች። አሥር ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የጣሊያን ካፕሮኒ አውሮፕላኖች ቦምብና የመርዝ ጢስ ያዘነቡባት ኢትዮጵያ፣ ከ1947 ጀምሮ ሳብ 17 የተባለውን ቀላል ቦምብ ጣይ ከ40 በላይ ከስዊድን ገዛች። ይህን ያቀናጁት ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን ናቸው፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ አውሮፕላን ያበሩ፣ በኋላም የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል ቢሾፍቱ ላይ ያደራጁ ሰው። ሳብ 17 በ1940 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረ፣ ጄት ሲመጣ ለስዊድን ያረጀ አውሮፕላን ነበር። ለቢሾፍቱ ግን አላረጀም፤ እስከ 1960ዎቹ ድረስ አገለገለ። ስዊድናውያን በራሳቸው አጠራር ይህን አውሮፕላን ቢ 17 ነው የሚሉት፤ ከአሜሪካው ጋር የሚያገናኘው ግን ስሙ ብቻ ነው። ዋናው ቁም ነገር ሕንድ ላይ ያየነው እዚህም መደገሙ ነው። ሻጩ የጠገበው ዕቃ ገዢው ዘንድ ሁለተኛ ዕድሜ ያገኛል።

ሌላው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው። ታላላቆቹ አውሮፕላኖች በክብራቸው ምክንያት ድነዋል፤ ሜምፊስ ቤልና ኢኖላ ጌይ ምስክር ናቸው ይባላል። ሁለቱም መዳናቸው እውነት ነው። እንዴት እንደዳኑ ስናይ ግን ክብሩ ይሳሳል። ሜምፊስ ቤል የተባለው ቢ-17፣ 25 የጦር በረራ ጨርሶ በጦርነቱ ጊዜ በአሜሪካ ከተሞች ሲዞር፣ ፊልም ሲሠራበት የነበረ ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ ከሌሎቹ ጋር አልተስ ሜዳ ላይ ምድጃውን ይጠብቅ ነበር። የሜምፊስ ከተማ በ350 ዶላር ገዛው፤ ከዚያም ለአሥርት ዓመታት ደጅ አቆመው፤ ዝናብ መታው፣ ሌባ መሣሪያዎቹን ፈታ። በአዲስ መልክ ለሕዝብ የታየው በ2018 ነው። ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ የጣለው ኢኖላ ጌይማ በ1949 ለስሚዝሶኒያን ሙዚየም ተሰጥቶ እያለ ዓመታት ሜዳ ላይ ቆሞ ወፍ ጎጆ ሠርቶበታል፤ ሙሉ አካሉ ተገጣጥሞ ለእይታ የቀረበው በ2003 ነው። ዝና አውሮፕላኑን ለጊዜው ከምድጃው አፍ መለሰው እንጂ አልጠበቀውም። እንዲያውም የኢኖላ ጌይን ዓይነት አውሮፕላን፣ የቢ-29ን ነገር ካነሣን፣ ዛሬ ከሚበሩት ሁለቱ ቢ-29ዎች ሁለቱም የተገኙት ቻይና ሌክ ከተባለ የካሊፎርኒያ በረሃ ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለዒላማ መለማመጃ ወስዷቸው ነበር። እንዲመቱ የቆሙት ተረፉ፤ እንዲጠበቁ የቆሙት አብዛኞቹ ተቆራረጡ።

እዚህ ላይ የራሴን ክርክር የሚጎዳ ነገር መደበቅ የለብኝም። ከምድጃ መራቅ አውሮፕላንን ያቆየዋል ብል እውነት ነው፤ ችግረኛ ባለቤት ያቆየዋል ብል ግን ግማሹን ነው የተናገርኩት። ሥራ ያኖራል፣ ሥራም ይበላል። ቦሊቪያ ውስጥ ቢ-17ዎች ከቤኒ ቆላ የበሬ ሥጋ ጭነው 4 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለው የላ ፓዝ ሜዳ ሲያመላልሱ ኖረዋል፤ ሰፊው ክንፋቸውና አራቱ ሞተራቸው ለዚያ ስስ አየር የሚመቹ ነበሩ። ብዙዎቹ እዚያው ተራራ ላይ ተከሰከሱ። አሜሪካ ውስጥ የደን እሳት ሲያጠፉ የነበሩት ቢ-17ዎችም እንዲሁ በየጊዜው ከነአብራሪያቸው ጠፍተዋል። በነሐሴ 1947 የእንግሊዝ ደቡብ አሜሪካ አየር መንገድ ላንካስትሪያን፣ ስታር ደስት፣ አሥራ አንድ ሰው እንደያዘ አንዲስ ተራሮች ላይ ጠፍቶ ስብርባሪውን የበረዶው ግግር የተፋው ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ስለዚህ ሥራ ላይ መዋል ዋስትና አልነበረም፤ ዕድሜ ማራዘሚያ ነበር። ግን የተራዘመው ዕድሜ ነው ጥቂቶቹን ሰው ለአሮጌ አውሮፕላን ዋጋ መስጠት እስከ ጀመረበት ዘመን ያሻገራቸው። ምድጃው ያንን ዘመን አልጠበቀም።

ቦምብ ጣዩ ወደ ሰላም ሥራ ዞረ የሚለው ተረክም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ1948 እና 49 ሶቪየቶች የበርሊንን መንገድ ሲዘጉ፣ ከሃሊፋክስ የተለወጡ የጭነት አውሮፕላኖችና ላንካስትሪያኖች ቀድሞ እነሱን የመሰሉ ቦምብ ጣዮች ላነደዷት ከተማ ነዳጅ አመላልሰዋል፤ ይህ ደስ የሚል ታሪክ ነው። ግን በዚያው በ1948 ቻርሊ ዊንተርስ የተባለ አሜሪካዊ ሦስት ትርፍ ቢ-17ዎችን ከማያሚ በድብቅ አስወጥቶ ለእስራኤል አድርሷል፤ አውሮፕላኖቹ ከቼኮስሎቫኪያ ወደ አዲሱ አገራቸው ሲሄዱ አንዱ ካይሮን ደብድቦ አለፈ። ዊንተርስ 18 ወር ታሰረ፤ ምሕረት ያገኘው ከሞተ ብዙ ዓመት ቆይቶ በ2008 ነው። በርሊን ነዳጅ ያደረሱትና ካይሮ ቦምብ የጣለው የአንድ ገበያ ዕቃዎች ናቸው። ገበያው የገዢውን ፍላጎት ነበር የሚያየው፣ ሰላምም ሆነ ጦርነት አልመረጠም።

ከሕንድ የወጡት ሊበሬተሮች መጨረሻ ግን ጥቂት ልንቆይበት ይገባል። ሕንድ በ1968 ሥራቸውን ስታበቃ የዓለም ሙዚየሞች ቢ-24 ፈልገው ያጡበት ጊዜ ነበር፤ ሄንደን አንዱን ወሰደ፣ ካናዳ አንዱን፣ አሜሪካ ሌሎቹን። ዛሬ በዓለም ላይ ከቀሩት ጥቂት ቢ-24ዎች ብዙዎቹ በካንፑር ስብርባሪና በባንጋሎር ሠራተኞች እጅ ያለፉ ናቸው። ብዙዎቹ ላይ የሚታየው ቀለም ግን የአሜሪካ ወይም የእንግሊዝ ነው፤ የሕንድ ሃያ ዓመት በጽሑፍ ሰሌዳው ላይ ካልሆነ በቀር በገላቸው ላይ አይታይም። ከእነሱ አንዱ በ1969 ከሕንድ ተነሥቶ አሪዞና፣ ቱሳን ገባ። አሁን የቆመበት የፒማ ሙዚየም የዴቪስ ሞንታን የጦር ሰፈር ጎረቤት ነው፤ የአሜሪካ ጦር ያበቃላቸውን አውሮፕላኖቹን እስከ ዛሬ እያመጣ የሚደረድርበት፣ የሚፈታበትና የሚከትፍበት ሜዳም እዚያው ሰፈር ውስጥ ነው።